ተምች ከመሬት አይፈልቅም

ሰሞኑን ስለ ተምች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ጸሐፊው በሰሜን ሸዋ ቆላ ያሉ ገበሬዎችን አነጋግሮ እንደጻፈው ይናገራል። ስሙን አላነሳም፤ ከሰውየው ጋር ጠብ የለኝም። ያሳሰበኝ ጽሑፉን አንብቦ በማሳው ላይ የሚወስን ሰው መኖሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀወት የሚኖሩት አጎቴ ደወሉልኝና፣ "ልጅቷ አንድ ነገር አነበበችልኝ፤ አረንጓዴው ትል ጉዳት የለውም፣ ጥቁሩን ብቻ ፍሩ ይላል። እውነት ነው እንዴ?" አሉኝ። ማሽላቸው ገና ከጉልበት በታች ነው። በዚህ ዕድሜው ተምች ከገባበት በሦስት ቀን ውስጥ እንጨት ብቻ ይቀራል። ይህን መልስ ለመጻፍ የተነሣሁት ያን ጊዜ ነው።

በሰብል ጥበቃ ሥራ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው ቆላ ብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ። ተምችን በመጽሐፍም አውቀዋለሁ፣ በእጄም ይዤዋለሁ።

ጽሑፉ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ተምች አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና ዝናብ ሲነካው ይፈለፈላል። "ተምች ከዝናብ ጋር ይወርዳል" የሚሉት ገበሬዎች ባለማወቅ ነው። ጥቁሩና አረንጓዴው ትል ዘራቸው ለየቅል ነው፣ አረንጓዴው አይጎዳም። ተምች ያገኘውን ለምለም ነገር ሁሉ ይበላል። የአሜሪካ ተምች የሚባለውም ይኸው የድሮው ነው። የእሳት እራቱን ማታ እሳት አንድዶ መጨረስ ይቻላል። በመጨረሻም፣ ትሉ መንገድ ሲያለብስ ኬሚካል ከተረጨ በሁለት ቀን ድራሹ ይጠፋል። በተራ እሄድባቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ የሌላው ስሕተት ሁሉ ሥሩ እዚያ ነውና።

ተምች አፈር ውስጥ ለዓመታት አይተኛም። ጨርሶ የመተኛት ተፈጥሮ የለውም። አንዳንድ ነፍሳት ክፉውን ወቅት ተኝተው ያሳልፋሉ፤ እዚሁ ማሽላችን ውስጥ ያለው አገዳ ቆርቁር በጋውን በደረቀው አገዳ ውስጥ ተኝቶ ከርሞ ዝናብ ሲመጣ ይነቃል። ጸሐፊው ሁለቱን ያምታታቸው ይመስለኛል። ተምች ግን ትልነቱን ሲጨርስ ወደ አፈር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ባለሙያዎች ፑፓ ወደሚሉት፣ ቡናማ፣ እግር የሌለው፣ ከደረቅ ፍሬ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይለወጣል። እዚያ የሚቆየውም ከ7 እስከ 12 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። የሚመቸው ካላገኘ ይሄዳል፤ ቁጭ ብሎ ዓመት አይጠብቅም።

የእሳት እራቱን ብዙ ሰው አይቶት አላወቀውም። ክንፉን ሲዘረጋ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የፊት ክንፉ አመድማ ቡናማ ነው፤ መሐሉ ላይ ኩላሊት የመሰለ ደብዘዝ ያለ ምልክት አለበት። የኋላ ክንፉ ነጭ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጅማቶቹ ጠቆር ብለው ይታያሉ። ሴቷን በሆዷ ጫፍ ባለው ጥቁር ጸጉር ትለያታለህ። ያ ጸጉር ጌጥ አይደለም። እንቁላሏን በቅጠል ሥር ስትጥል ከሆዷ እየነቀለች ታለብሰዋለች። ቅጠሉን ገልብጦ ላየው ሰው ጥላሸት የነካው ቁራጭ ጥጥ ይመስላል። ከሥሩ በአንድ ክምር ከጥቂት አሥርታት እስከ ጥቂት መቶ የሚደርስ እንቁላል አለ። በዕድሜዋ እስከ 1,000 ገደማ ልትጥል ትችላለች፤ ዕድሜዋ ደግሞ ከሁለት ሳምንት ብዙ አያልፍም።

እና ከየት ይመጣል? በነፋስ ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ መንጋዎች የሚታዩት ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ፣ የእነሱ አጭር ዝናብ ሲጀምር ነው። ከአፈር የወጣው የእሳት እራት ሲመሽ ይነሣና በመቶዎች ሜትር ከፍታ ላይ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። በጥቂት ሌሊቶች ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዝናቡ ወደ ሰሜን ሲገሠግሥ አብሮ ይገሠግሣል፤ መንጋው ትውልድ በትውልድ እየተተካ በበልጋችን እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ አንዳንዱም ባሕር ተሻግሮ የመን ይገባል። ተበታትኖ ሲበር ለማንም አያስፈራም። ነጎድጓድ ካዘለ ደመና ሥር የሚወጣው ነፋስ ከሌላ ነፋስ ጋር ሲጋጠም ግን በአየር ላይ የተበተነው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይጠራቀማል፣ ከዝናቡም ጋር መሬት ይወርዳል። እዚያው ውሃ ይጠጣል፣ ይገናኛል፣ እንቁላሉን ይጥላል።

እንግዲህ "ተምች ከዝናብ ጋር ይወርዳል" የሚለው ገበሬ ምኑ ላይ ነው ያላወቀው? የወረደው ትሉ ሳይሆን እናቱ ናት፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ሥራ እንደጀመርኩ አካባቢ ከሮቢ ወንዝ ማዶ አንድ ሽማግሌ ቤት አደርኩ። ማሳቸው ጥቁር ለብሶ ነበር። ማታ ቡና ሲፈላ፣ "ይኼ ነገር መቼ ገባ አባቴ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "አልገባም፣ ወረደ እንጂ" አሉኝ። "ከጣርማ በር በታች ደመናው ጠቁሮ ያጓራ ዕለት ነው። ማታውኑ የእሳት እራት ቤቱን ሞላው፤ ኩራዙን ሁለት ጊዜ አጠፋብን። ልጆቹ እየሳቁ ይይዙ ነበር። እኔ አልሳቅሁም።" ቀኑን ቆጠርን። ከዚያ ማታ እስከዚያ ቀን 16 ቀን ሆኖታል። እንቁላሉ ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ ትሉ ዐይን የሚስበው ካደገ በኋላ ነው። የሽማግሌው ቆጠራ እኔ ትምህርት ቤት ከተማርኩት ጋር አንድ ነበር። በመጽሐፍ ያላነበቡትን ነገር በኩራዝ አይተውታል። እንዲህ ያለውን ሰው "አላዋቂ" ብሎ መጻፍ አይገባም። ስድቡ ብቻም አይደለም ያሳዘነኝ። ጽሑፉን ያመነ ሰው ዐይኑን ከኩራዙ ላይ አንሥቶ አፈሩን ሲያይ ይከርማል፤ ሁለት ሳምንት የሚያስቀድመውን ምልክት ይጥላል።

ወደ ቀለሙ ልሂድ። ጥቁሩና አረንጓዴው ትል አንድ ናቸው፤ የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑም ይችላሉ። ለዚህ ምስክሩ ቀላል ነው፣ እኔም በእጄ ሞክሬዋለሁ። ከአንድ የእንቁላል ክምር የተፈለፈሉ ትሎች ወሰድኩ። ጥቂቶቹን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በየብርጭቆው፣ የቀሩትን ተጠጋግተው እንዲያድጉ በአንድ ቆርቆሮ አስቀመጥኳቸው። የሰጠኋቸው ሣር አንድ ነው፣ የሚኖሩበት ክፍል አንድ ነው። ለብቻቸው ያደጉት አረንጓዴና ቡኒ ሆነው ቀሩ፤ ዝግ ያሉ ናቸው፣ ስነካቸው ከሣሩ ሥር ይሸሸጋሉ። ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ግን ሲያድጉ ጀርባቸው እንደ ከፋይ ጨርቅ ጠቆረ፤ ጎናቸው ላይ ቀጫጭን ፈዛዛ መሥመሮች ወጡ፤ አያርፉም፣ ክዳኑን ስከፍት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። መጠጋጋቱ ነው ያጠቆራቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰበት ጊዜ በየሣሩ ሥር ለብቻው የሚኖረው አረንጓዴው ተምች ነው፤ ሕዝብ ሲሆን የሚሰለፈው ጥቁሩም ተምች ነው።

ከዚህም የባሰ ጣጣ አለው። በመንጋ የሚያድገው ትል ራሱ ሕፃን ሳለ አረንጓዴ ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው ቆዳውን ደጋግሞ ከቀየረ በኋላ ነው። ትሉ በአጠቃላይ ስድስት እርከን አለው፤ ከተፈለፈለ ጀምሮ እንደ አየሩ ሙቀት ከ14 እስከ 22 ቀን ይወስድበታል። "አረንጓዴው አይጎዳም" የሚለውን የሰማ ሰው ትሉን የሚተወው በመድኃኒት በቀላሉ በሚሞትበት ዕድሜ ላይ ሳለ ነው ማለት ነው። ለአጎቴም ይህንኑ ነገርኳቸው።

ያገኘውን ሁሉ ይበላል መባሉንም መቀበል አልችልም። ተምች የሣር ዘር በላተኛ ነው። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ዳጉሳ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ የግጦሽ ሣርም እንዲሁ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሽላና ማሾ ጎን ለጎን ይዘራሉ፤ ማሽላው ተላጭቶ ማሾው እንዳለ ቆሞ ማየት የተለመደ ነው። ሽንኩርቱም አይነካም። ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ማሾው ላይ ወይም ሽምብራው ላይ ትል ካየህ ጓይ ትል ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በተምች ስም የምትገዛው መድኃኒትና የምትመርጠው ጊዜ ላይስማማው ይችላል። ግጦሹ ላይም ልብ ይባል፦ መንጋው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማንም ከማያየው ሣር ነው፤ ሣሩን ሲጨርስ ወደ ማሳ ይሻገራል። እረኛ ልጆች ከሁሉ ቀድመው የሚያዩት ለዚህ ነው።

የአሜሪካ ተምች ደግሞ ሌላ ነው። ዘመድ ናቸው፣ በሳይንስ ስማቸውም ስፖዶፕቴራ የሚለውን ይጋራሉ፤ የእኛው ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ፣ መጤው ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ። የእኛው አፍሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ዎከር ለሳይንስ ከመዘገበው በፊትም አያቶቻችን ያውቁታል። መጤው አፍሪካ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ኢትዮጵያ የገባው በ2017 በደቡብ በኩል ነበር። የመጤውን ትል ግንባሩን ስታየው የተገለበጠ ዋይ ፊደል ነጥቶ ይታያል፤ ጭራው አጠገብ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። የእንቁላሉ ልባስም እንደኛው ጥቁር ጸጉር አይደለም፣ ግራጫ ነው።

ዋናው ልዩነት ግን ጠባዩ ላይ ነው። መጤው አይሰለፍም። የበቆሎው አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ በሚወጣበት ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ኩሱ ነው የሚያሳብቅበት። እርስ በርሱ ስለሚበላላ በአንድ ተክል ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ብቻ ታገኛለህ። በመስኖ በቆሎ እስካለ ድረስ በጋ ከክረምት አይለቅም። የእኛው ተምች ዓመት ይጠፋና በአንድ ሌሊት ይወርዳል፤ መጤው ግን ቤተኛ ሆኗል። አንዱን በየሳምንቱ ተክል በተክል እያየህ ነው የምትከላከለው፤ ሌላውን ሰማይና ወጥመድ እያየህ። ሁለቱን "ስሙ ብቻ ተቀየረ" ብሎ መጻፍ ገበሬውን ባዶ እጁን ማስቀረት ነው።

ስለ እሳቱ ብዙ አልልም። የእሳት እራት ስሙን ያገኘው ወደ ብርሃን ስለሚበር ነው፣ እውነት ነው። ግን ወደ እሳቱ የሚመጣው ሁሉ ተምች አይደለም፤ አበባ ለአበባ እየዞሩ የሚጠቅሙንም አብረው ይቃጠላሉ። ከወረደው መንጋ እሳቱ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው፤ የቀሩት እንቁላላቸውን እየጣሉ ያድራሉ። በዚያ ላይ እንጨቱ ከየት ይመጣል?

ለማጥፋት ሳይሆን ለመቁጠር የሚያገለግል የተሻለ ነገር አለን፣ የፌሮሞን ወጥመድ። የሴቷን ሽታ የሚመስል ነገር የተነከረበት ትንሽ ጎማ በባልዲ ላይ ይንጠለጠላል፤ ወንዶቹ ሽታውን ተከትለው ይገባሉ። ጠዋት ጠዋት ባልዲውን በነጭ ወረቀት ላይ ገልብጬ መቁጠር ሥራዬ ነበር። ክንፋቸው ላይ ያለው ብናኝ ጣቴ ላይ ተጣብቆ ይውላል፣ እንደ አመድ። ብዙ ሳምንት ዜሮ፣ ሁለት፣ ዜሮ ስትጽፍ ትቆያለህ። አንድ ጠዋት ዝናብ ካደረ በኋላ ባልዲው ከብዶ ታነሣዋለህ። ያን ቀን ወደየቀበሌው መደወል አለብህ፤ ቅጠል ላይ ገና ምንም አይታይም፣ ሰውም "ምን ነካው ይኼ ልጅ" ይላል፤ ቢሆንም ትደውላለህ። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣ ጋር ተምችን የሚከታተለውም ተምች ድንበር ስለማያውቅ ነው፤ የኬንያ ባልዲ ዛሬ የሚናገረው ነገር ለእኛ የነገ ዜና ነው።

አሁን ወደ ኬሚካሉ። ጽሑፉ "መንገድ ሲያለብስ እርጩ፣ በሁለት ቀን ይጠፋል" ይላል። ይጠፋል፣ አዎ። ባትረጭም ይጠፋል።

አንድ ዓመት ከአጣዬ ወዲህ ባለ ቀበሌ ትሉ ከታየ በኋላ መድኃኒት ጠየቅን። ደብዳቤ ሲጻጻፍ፣ ፊርማ ሲጠበቅ፣ መኪና ሲጠፋ ዘጠኝ ቀን አለፈ። መርጫውን በጀርባችን አዝለን ስንደርስ ትሉ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በልጦ ነበር፤ መንገዱ ላይ ስትራመድ ከጫማህ ሥር ይንሸራተታል። ማሽላው ቅጠሉ አልቆ የመሐል ጅማቱ ብቻ ቀርቷል። ረጨን። በማግሥቱ አንድም ትል አልታየም። ሰው እልል አለ፣ እኛንም አመሰገነን። እኔ ግን የተረጨው ማሳ ዳር፣ መርጫው ወዳልደረሰበት ሣር ሄድኩ። እዚያም ትል የለም። በእጄ ከሣሩ ሥር ጫርኩ። አፈሩ ውስጥ ቡናማዎቹ ፑፓዎች ተደርድረዋል፤ አንዷን መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት ጭራዋን ግራ ቀኝ ታወዛውዛለች። ያልሞቱት ትሎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ገብተዋል። በሳምንት ከምናምን ቀን በኋላ ወጥተው፣ ነፋሱ ወደወሰዳቸው ወደ ሌላ ሰው ማሳ ሄዱ። ያጨበጨበልን ገበሬ ዕዳ ገብቶ የገዛው መድኃኒት በአመዛኙ በባዶ ቅጠል ላይ ነው የፈሰሰው። ይህን ለሰዎቹ ስነግራቸው የነበረው ዝምታ አሁንም ይታወሰኛል።

ተምች በትልነቱ ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ሁለት እርከኖች ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ። ስለዚህ ርጭት የሚጠቅመው ትሉ ትንሽ ሳለ፣ አረንጓዴ ሳለ ነው። ጽሑፉ ዋናውን ጊዜ ገልብጦታል፤ ተው ያለው ጊዜ የሚረጭበት ነው፣ እርጩ ያለው ጊዜ ያለፈበት ነው። ትሉ ከሌላ ማሳ ተሰልፎ እየመጣ ከሆነ ጥልቅ ቦይ በመንገዱ ላይ መቆፈር ያልደረሰበትን ማሳ ያድናል፤ አባቶቻችን ያደርጉት ነበር፣ ዛሬም ይሠራል።

ሌላም ጽሑፉ ያላነሣው ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ ትሎቹ ሣሩ ጫፍ ላይ ወጥተው፣ ጭንቅላታቸው ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ገላቸው እንደ ውሃ የላላ ሆኖ ታገኛቸዋለህ። ቆዳቸው በትንሽ ንክኪ ይፈነዳል። ይህ የራሳቸው በሽታ ነው፣ ቫይረስ ነው፤ ሰውንም ከብትንም አይነካም። በብዛት ካየኸው መድኃኒትህን ቆጥብ፤ በሽታው ራሱ ከመንጋው ብዙውን ይጨርሳል። ራዛና ሌሎች ወፎችም ይረባረቡበታል። በዚያ ሰዓት የሚረጭ ሰው ወፉንም ንቡንም ነው የሚጎዳው።

ጽሑፉ ልክ የሆነበትን ልናገር። ጎረቤት ለጎረቤት ይንገር፣ ማንም የመንግሥትን መኪና ብቻ ቁጭ ብሎ አይጠብቅ የሚለው ትክክል ነው፤ እኔም እጨምርበታለሁ፣ ከተላጨ በኋላም ማሳውን ወዲያው አትገልብጡት። ማሽላ የሚያድግበት መሐሉ ካልተነካ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጥቂት ቀን አይቶ መወሰን ይሻላል።

አጎቴን በስልክ፣ "ጋሼ፣ ጠዋት በጤዛው ይውጡና ከማሳው መሐል ሃያ ሠላሳ ተክል ይዩ። ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት፤ ዳር ዳሩን ብቻ አይዩ" አልኳቸው። በማግሥቱ ማታ መልሰው ደወሉ። "አረንጓዴ ናቸው" አሉኝ። "የጥፍሬን ቁመት አያህሉም። ቅጠሉን መታ ሳደርገው በክር ተንጠለጠሉ። የቅጠሉን ገጽ ልጠውታል፣ መስተዋት መስሏል።" ስንት ቀን እንደሆናቸው ጠየቁኝ። አምስት ወይም ስድስት አልኳቸው። "እንግዲያው ጊዜ አለን" አሉና ስልኩን ዘጉት። ጎረቤቶቻቸውን ሊቀሰቅሱ እየሄዱ ነበር።